ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና ጾማችን

ዛሬ ስለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ጥቂት እንላለን።

እነ አሞክሳሲሊን ባክቴሪያው ግድግዳውን እንዳይሠራ በማገድ ይገድሉታል። ጉንፋንን የሚያመጣው ግን ቫይረስ ነው፤ ይህ ግድግዳ ስለሌለው መድኃኒቱ አይነካውም። እንዲያው ብንወስደው የሚተርፈን ተቅማጥ፣ የቆዳ ሽፍታ፣ አንዳንዴም ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ነው።

መጠኑንና ሰዓቱን ስናዛባ ደግሞ ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ተርፈው ይራባሉ፤ ወደ ቤተሰብና ጎረቤትም ይተላለፋሉ። ፔኒሲሊንን በ1928 እ.ኤ.አ. ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 በኖቤል ንግግሩ ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር።

በረመዳን ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በየ8 ሰዓቱ የታዘዘ መድኃኒት በኢፍጣርና በሱሑር ብቻ ከተወሰደ የቀኑ አንድ መጠን ይጎድላል። ስለዚህ ጾመኛ መሆናችንን ለሐኪሙ አስቀድመን እንንገር፤ እንደ ሕመሙ ዓይነት በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ የሚወሰድ ሊያዝልን ይችላል። ይህ ካልተቻለ አላህ (ሱ.ወ.) ለሕመምተኛ ጾሙን ትቶ በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ፈቅዷል። ገላችን አማና ነው፤ የጎረቤታችንም ጤና ሐቅ አለብን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።