ካውቦይ ለመምሰል ወይስ አጋዘን ለመጣል?

የዛሬው ጉዳያችን ወጣ ያለ ነው። ኮሎራዶ፣ አሜሪካ የሚኖር አንድ የሰፈሬ ልጅ የሥራ ባልደረቦቹ አጋዘን አደን ጋብዘውት ልቡ ተሰቅሏል። «ሌቨር አክሽን ልገዛ ነው፣ እንደ ጆን ዌይን!» አለኝ በስልክ። ያቺን በካውቦይ ፊልም የምናውቃትን ማለቱ ነው። ከቃታው ሥር ያለውን ቀለበት ወደ ታች ገፋ፣ መለስ ሲያደርጉት ቀለሃውን ተፍታ አዲስ ጥይት የምትጎርሰዋን።

እዚያው አገር ለብዙ ዓመት ካደኑ አንድ ጋሼ ጋር አገናኘሁትና እኔም ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«ስማ ልጄ» አሉት፣ «የጆን ዌይን ጠመንጃ አብዛኛውን ጊዜ የ1892ቱ ዊንቸስተር ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር)። የሚጎርሰው አጭር፣ የሽጉጥ የሚያህል ጥይት ነው። ቅርብ ከሆነ ይሠራል። ራቅ ሲል ግን ጉልበቱ ያልቅና አጋዘኑን አቁስለህ ትሰደዋለህ። ጫካ ገብቶ ሲያጣጥር ያድራል፣ አንተም ደም ስትከተል ትመሻለህ።»

ልጁ ዝም አለ። እኔም!

ጋሼ የመከሩት 30-30 የሚባለውን ጥይት ነው። ከ1895 ጀምሮ ያለ ሲሆን እስከ 150 ሜትር ድረስ ለአጋዘን ይበቃል። ታዲያ ይህን የሚጎርሱት ሁለት ታዋቂ ጠመንጃዎች ናቸው። ዊንቸስተር 94 ቀለል ያለ፣ ተራራ ለመውጣት የሚመች ነው። ነገር ግን የድሮው ቀለሃውን ወደ ላይ ስለሚተፋ መነጽር መሃሉ ላይ አይቀመጥለትም። ማርሊን 336 ግን ወደ ቀኝ ይተፋል፣ ጀርባው ድፍን ነው፣ መነጽር እንደ ልብ ይታሰርበታል። የኛ ልጅ ዓይኑ ደከም ያለ ስለሆነ ምርጫው እዚህ ላይ አለቀ። (በነገራችን ላይ የዛሬው ዊንቸስተር 94 የሚሠራው ጃፓን ነው። ጉድ በሉ!)

አደገኛው ነገር ወዲህ ነው። የሁለቱም ጥይቶች ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ አንዱ ከአንዱ ኋላ ይደረደራሉ። የአንዱ ጫፍ ሹል ከሆነ ጠመንጃው ሲራገጥ የፊተኛውን ቂጥ ወግቶ እዚያው ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ ጫፉ ጠፍጣፋ ወይም ለዚሁ ተብሎ ለስላሳ ጫፍ የተሠራለት መሆን አለበት። ሌላው መዶሻው ነው። የተቀባበለ ጠመንጃ መዶሻ በአውራ ጣት ቀስ ተብሎ ሲመለስ፣ ጣት በብርድ ደንዝዞ ከሸተተ ይባርቃል። «መጀመሪያ ባዶውን ቤትህ ተለማመድ» አሉ ጋሼ።

ኮሎራዶ ከ1949 ወዲህ የተወለደ ሰው በመደበኛው የአደን ትምህርት ሳይወስድ ፈቃድ አያገኝም። ጠመንጃ ይዞ አጋዘን የሚያድን ሰውም ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ መልበስ ግዴታው ነው፣ ሌላው አዳኝ አጋዘን መስሎት እንዳይተኩስበት። ግሪን ካርድ ያለው መሣሪያ መግዛት ይችላል። በጉብኝት ቪዛ የገባ ግን ከጥቂት ሁኔታ በቀር አይፈቀድለትም።

ልጁ ማርሊኑን ገዛ። መለማመጃ ሜዳ ሄዶ ሲሞክር 50 ሜትር ላይ ጎበዝ ነው፣ 100 ላይ ግን ግማሹን ሳተ። «እንግዲያው ያንተ ልክ 50 ነው፣ ጠመንጃው 150 ቢልም» አሉት ጋሼ። ከፋው፣ ግን ተቀበለ።

እናቱ ነገሩን ሲሰሙ ስለ ጠመንጃው ምንም አልጠየቁም። «ልጄ፣ በስመ አብ ተብሎ ሳይታረድ እንዴት ይበላል?» ነው ያሉት። እሱን እንኳ ለንስሐ አባቱ ትተነዋል።