ለቅሶ የማትደርስ ልጅ

የምንኩስና ጥሪ አለን የሚሉ ልጃገረዶችን የማማከር ሥራ አለብኝ። ለዚሁ ከዲላ ወደ ጌዴብ ስመላለስ፣ ባንኮ ጎቲቲ ላይ የሚጠብቁኝ አብዛኞቹ እንደ እኔ ያለች የካቶሊክ ሲስተር መሆን ይፈልጋሉ፤ ክሊኒክ የምትሠራ ወይም ሕፃናት የምታስተምር። አልፎ አልፎ አንዷ «እኔስ ከማይወጡበት ገዳም ነው የምፈልገው» ትለኛለች። ያኔ ወሬው ይረዝማል።

ቆብ መጫን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ልጆቻቸውን ድረው፣ ባላቸውን ቀብረው የሚመነኩሱ የኦርቶዶክስ እናቶችን ሁሉም ያውቃል። ይህቺ ግን ሃያ ዓመት ያልሞላት፣ ሽማግሌ ሊላክላት የደረሰች ልጅ ናት። ዘመዱም በብዛት ፕሮቴስታንት ነው። «ወንጌል በአጥር ውስጥ ይሰበካል እንዴ?» ያለኝ አጎት አለ። ስለ ቅድስት ቴሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስ ነገርኩት፦ እ.ኤ.አ. በ1888 በ15 ዓመቷ ፈረንሳይ ውስጥ ሊዝዩ ካለው፣ ከማይወጡበት የቀርሜሎስ ገዳም ገባች፣ በ1897 እዚያው አረፈች፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ደግሞ በ1927 የሚስዮናውያን ጠባቂ ብለው ሰየሟት። አጎትየው አልተዋጠለትም። እኔም አልተከራከርኩትም።

የእናቶች ጥያቄ ሌላ ነው። «ሲስተር፣ እኔ ስሞት ትመጣለች?»

እኛ ዘንድ ሰርግ የቀረ ይቅርታ ይደረግለታል። የእናቱ ለቅሶ ላይ ያልተገኘ ግን ዕድሜ ልኩን ይታማል። ቫቲካን በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ያወጣው ኮር ኦራንስ የተባለው መመሪያ፣ በቂ ምክንያት ሲኖር የገዳሙ አለቃ ለመነኩሲቷ መውጫ እንድትፈቅድ ሥልጣን ይሰጣል። ስለዚህ «ሊፈቀድላት ይችላል፤ ትመጣለች ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም» እላለሁ። ይህን ሳይሰሙ የሚመርቁ ወላጆች አሉ፤ ኋላ ሲያውቁት ሐዘኑ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ እነሱ ባይጠይቁኝም እኔው አነሳዋለሁ።

በመመሪያው መሠረት መንገዱ ከ9 ዓመት አያንስም። ቢያንስ አንድ ዓመት አስፒራንት፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ፖስቱላንት፣ ሁለት ዓመት ኖቪስ፣ ከዚያ አምስት ዓመት በጊዜያዊ መሐላ፤ የዘላለሙ መሐላ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ልጆቹ ቁጥሩን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። እናቶቹ ደስ ይላቸዋል፣ እስከዚያ ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል ብለው።

የ2010ሩ መፈናቀል ሥራዬን አክብዶታል። ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ሲሰደድ፣ ጎቲቲ በተፈናቃይ ተጨናንቃ ነበር። ያኔ ሕፃን የነበሩት ዛሬ ጥሪ አለን ብለው ፊቴ ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው «ጸጥታ ነው የምፈልገው» የምትል አትጠፋም። ይህን ስሰማ እጠነቀቃለሁ። በር የሚዘጋበትን ቤት መሻት አንድ ነገር ነው፤ እግዚአብሔርን መሻት ሌላ። አንዳንዴ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ፤ ያኔ መለየቱ ዓመት ይፈጃል።

ደግሞስ ገዳም ጸጥታ ብቻ ነው ያለው ማነው? ከእነዚያው ጥቂት ሴቶች ጋር ሃምሳ ዓመት መብላት፣ መዘመር፣ ሲታመሙ ማስታመም ነው። ስለ ጸሎቷ ከመጠየቄ በፊት፣ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ማድረቂያ አልጋ ላይ አብራት ቡና ከምትለቅመው ልጅ ጋር መቼ እንደተጣላችና እንዴት እንደታረቁ እጠይቃለሁ። «ከማንም ተጣልቼ አላውቅም» የምትለኝ ታሳስበኛለች።

በቅርቡ ያነጋገርኳት ልጅ ጠብ ነበራት፤ ዕርቁን ደግሞ እሷው ነበረች የጀመረችው። ደስ አለኝ። እናቷ ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ፦ አባትየው በሽተኛ ነው፣ ታናሽ ወንድሟ 12ኛ ክፍል እስኪጨርስ ትቆይና ታስታምም። ልጅቷ ተቆጣች፤ ሲስተር ይከራከሩልኛል ብላ ወደ እኔ ዞረች።

ስለ ቴሬዛ እህት ስለ ሴሊን ነገርኳት። ሦስት እህቶቿ ቀርሜሎስ ገብተው ሳለ ሴሊን ውጭ ቀርታ የታመመውን አባታቸውን አስታመመች። እሱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1894 ሲያርፍ፣ እሷ በመስከረም ገባች። ቴሬዛ ከቅጥሩ ውስጥ ሆና አለቀሰች እንጂ ቀብሩ ላይ አልነበረችም።

«ስለዚህ ከእናቴ ጋር ነዎት?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። የጥምቀትና የሜሮን ምስክር ወረቀቷን ግን ከአሁኑ እንድታወጣ ነገርኳት፤ ቁምስናው ጽሕፈት ቤት አንዳንዴ መዝገብ ፍለጋው ይቆያል።