ለእንጨት መቅረጫ ማሽን (ሲኤንሲ) የትኛው ኮምፒውተር ይሻላል?

በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጸው፣ በተለምዶ «ሲኤንሲ» የሚባለው ማሽን ከትልልቅ የእንጨት ሥራ ድርጅቶች ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ሆኗል፡፡ «3018» የሚባለውና ስሙን ከመቅረጫ ስፋቱ (30 በ18 ሴንቲ ሜትር) ያገኘው አነስተኛ ማሽን ተፈታትቶ በሻንጣ ሊመጣ ይችላል፡፡ ማሽኑን ያገኘ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው «በምን ኮምፒውተር ላሠራው?» ብሎ ነው፡፡ ኮምፒውተር መሸጫ ሲገባ የሚያገኘው መልስም የታወቀ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ፈጣን፣ ሜሞሪው ብዙ፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ያለ፡፡

ለዚህ ሥራ መልሱ ብዙውን ጊዜ ትክክል አይደለም፡፡ ማሽኑን ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ስሌት እጅግ ትንሽ ነው፡፡ ከ15 ዓመት በፊት የተሠራና ዛሬ ለቢሮ ሥራ ዘገምተኛ የሚባል ዴስክቶፕ በደንብ ሊሠራው ይችላል፤ አዲስና ውድ ላፕቶፕ ደግሞ አንዳንዴ ጨርሶ አይሆንም፡፡ ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት የማሽኑን አካሄድ ጥቂት ማየት ያስፈልጋል፡፡

ማሽኑን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ላይና ታች የሚወስዱት «ስቴፐር» የሚባሉ ሞተሮች ናቸው፡፡ ስቴፐር ሞተር አንድ የኤሌክትሪክ ምት ሲደርሰው አንድ እርምጃ ይሄዳል፡፡ የተለመደው ሞተር በ200 እርምጃ አንድ ዙር ይሞላል፤ የሞተሩ ሾፌር ቦርድ እያንዳንዱን እርምጃ ለስምንት ሲከፍለው 1,600 ይሆናል፡፡ ሞተሩ የሚያሽከረክረው ጥርስ ያለው ዘንግ በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚገፋ ከሆነ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ለመሄድ 320 ምት ያስፈልጋል ማለት ነው፡፡ በደቂቃ 3 ሜትር ፍጥነት እንዲሄድ ቢታዘዝ ደግሞ በሰከንድ 16,000 ምት ሊደርሰው ይገባል፡፡ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ 62 ያህሉ ብቻ ነው፡፡

ሞተሩ በፍጥነት እየሮጠ ሳለ ምቱ ከዘገየበት ይደናቀፋል፤ እርምጃም ይጥላል፡፡ ክፋቱ መጣሉን ለማንም አለመናገሩ ነው፡፡ በእነዚህ አነስተኛ ማሽኖች ላይ «የት ደረስክ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፡፡ ስለዚህ ሥራው ሁለት ሰዓት ከተኬደበት በኋላ ሦስት ሚሊ ሜትር ተንሸራቶ የተቀረጸ ጽሑፍ ይገኛል፡፡ ተጠርቦና ተልጎ የተዘጋጀ የዋንዛ ጣውላ በዚህ ምክንያት ማገዶ ሲሆን ማየት ያናድዳል፡፡

እንግዲህ ኮምፒውተር ከመግዛት በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ «ምቱን የሚቆጥረው ማነው?» የሚለው ነው፡፡

በቀድሞው አሠራር ቆጣሪው ራሱ ኮምፒውተሩ ነው፡፡ ምቱ የሚወጣውም ዱሮ ፕሪንተር ይሰካበት በነበረው ባለ 25 ቀዳዳ «ፓራለል ፖርት» በኩል ነው፡፡ በዚህ መንገድ ከሚሠሩት ፕሮግራሞች አንዱ በዊንዶውስ የሚሠራው «ማክ 3» ነው፡፡ ሌላው በሊኑክስ የሚሠራው፣ መነሻው የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም የሆነውና በነፃ የሚገኘው «ሊኑክስ ሲኤንሲ» ነው፡፡ ማክ 3 በፓራለል ፖርት የሚሠራው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ (ኤክስፒ ወይም ሰቨን) ላይ ብቻ ነው፡፡ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ከሆነ ለብቻው የሚገዛ የምት መቁጠሪያ ቦርድ ካልተጨመረ በስተቀር አይሆንም፡፡ ሻጩ «ፓራለል ፖርት ባይኖረው ችግር የለም፤ ከዩኤስቢ ወደ ፓራለል የሚቀይር ገመድ አለ» ቢልዎት አይስሙት፡፡ ያ ገመድ የተሠራው ለፕሪንተር ነው፤ በትክክለኛ ሰዓት ምት ማውጣት አይችልም፡፡ ዴስክቶፑ ውስጥ በካርድ መልክ የሚሰካ ፓራለል ፖርት ግን ብዙውን ጊዜ ይሠራል፡፡

ላፕቶፕ ለዚህ አሠራር የማይመከርበት ምክንያት የባትሪ ቁጠባው ነው፡፡ ላፕቶፕ ኃይል ለመቆጠብ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ሙቀቱንና ባትሪውን ለመከታተልም በየጊዜው ሥራውን ለቅጽበት ያቋርጣል፡፡ ለጽሑፍ ወይም ለፊልም ይህ አይታወቅም፡፡ 62 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ለሚጠብቅ ሞተር ግን ብዙ ነው፡፡ አዳዲስ ዴስክቶፖችም ቢሆኑ ከዚህ ጠባይ ነፃ አይደሉም፡፡ በአንጻሩ አንድ አሮጌ የቢሮ ዴስክቶፕ ከእነርሱ የተሻለ ሰዓት አክባሪ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፡፡

ደስ የሚለው ነገር ይህን ከመግዛትዎ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ መሞከር መቻሉ ነው፡፡ ሊኑክስ ሲኤንሲ ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫን ከፍላሽ ተነሥቶ ይሠራል፤ የኮምፒውተሩን መዘግየት የሚለካ ፕሮግራምም አብሮት አለ፡፡ ፍላሹን ይሰኩ፣ መለኪያውን ያስነሡ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል መስኮት እየከፈቱና እየዘጉ፣ ፋይል እየገለበጡ ያስጨንቁት፡፡ ትልቁ መዘግየት ከ20 ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) በታች ከሆነ ኮምፒውተሩ በጣም ጥሩ ነው፡፡ ከ30 እስከ 50 ከሆነ ይሠራል፤ ማሽኑ ግን ዝግ ማለት አለበት፡፡ 100 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ለምት ቆጠራ አይሆንምና ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይተዉት፡፡ ሻጩ በግርምት ያይዎት ይሆናል፤ ግን የትኛውም የፕሮሰሰር ስም የዚህን ያህል አይነግርዎትም፡፡

በአሁኑ ጊዜ በአብዛኞቹ ትንንሽ ማሽኖች ላይ ያለው አሠራር ከዚህ ይለያል፡፡ ምቱን የሚቆጥረው ማሽኑ ላይ ያለው ቦርድ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው «ጂ-አር-ቢ-ኤል» የተባለው ፕሮግራም «አርዱዊኖ» በምትባለው ርካሽ ቦርድ ላይ ይጫንና ቆጠራውን ይረከባል፡፡ ኮምፒውተሩ የሚቀረው ሥራ ትእዛዙን (ጂ ኮድ የሚባለውን ጽሑፍ) መስመር በመስመር በዩኤስቢ መላክ ብቻ ነው፡፡

ነገሩን ጣሪያ ላይ ባለ ሮቶ መመሰል ይቻላል፡፡ የቧንቧ ውኃ ለጥቂት ጊዜ ቢቆራረጥም ከሮቶው የሚወርደው አይቋረጥም፡፡ ኮምፒውተሩ ለቅጽበት ቢዘገይ ቦርዱ አስቀድሞ ከያዛቸው መስመሮች እየቀዳ ይሠራል፡፡ ሮቶው ግን ትንሽ ነው፤ የአርዱዊኖው የመቀበያ ቋት 128 ፊደል ብቻ ይይዛል፡፡ ኮምፒውተሩ ከዚያ በላይ ከዘገየ ማሽኑ በመሃል ይቆማል፡፡ እርምጃ አይጥልም፤ ነገር ግን ፑንታው አንድ ቦታ ላይ እየተሽከረከረ ስለሚቆይ እንጨቱን ያጠቁረዋል፡፡

ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ማንኛውም ደህና ላፕቶፕ ይበቃል፡፡ ራስበሪ ፓይ የተባለችው መዳፍ የምታክል ኮምፒውተርም ትችለዋለች፡፡ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ሲያቆም ወደ ዊንዶውስ 11 ማለፍ ያልቻሉት ኮምፒውተሮች ከኢንተርኔት ተነጥለው ለዚህ ሥራ ቢውሉ የሚከለክላቸው የለም፡፡ ከመነጠሉ ሌላ ጥቅምም አለው፤ በሥራ መሃል ራሱን አድሶ «ልነሣ ነው» የሚል ዊንዶውስ አያጋጥምዎትም፡፡ ኮምፒውተሩ እንዳይተኛና ለዩኤስቢው የሚሰጠውን ኃይል እንዳያቋርጥ ግን ማስተካከያውን መንካት ግድ ነው፡፡

ዩኤስቢ የራሱ ደካማ ጎን አለው፡፡ መቅረጫው ሞተርና ሰጋቱራ የሚስበው ማሽን የሚፈጥሩት የኤሌክትሪክ ረብሻ መስመሩን ሊያቋርጠው ይችላል፡፡ ብዙ ሰው ይህ ሲደርስበት ኮምፒውተሩን ይወቅሳል፤ ሌላ ይገዛል፤ ችግሩም አብሮት ይሄዳል፡፡ መጀመሪያ መታየት ያለባቸው አጭርና መከላከያ ያለው የዩኤስቢ ገመድ፣ የመሬት ሽቦ በትክክል የተገናኘበት ሶኬት፣ የሞተሩን ገመድ ከዩኤስቢው ማራቅ ናቸው፡፡

መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ውስጥ የሚሠራ ሰው ከሁሉም በላይ ሊያስብበት የሚገባው ሌላ ጉዳይ አለ፡፡ ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ የተሻለ ይመስላል፡፡ በብዙዎቹ ትንንሽ ቦርዶች ላይ ግን ቦርዱ ኃይል የሚያገኘው ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ሲሆን ሞተሮቹ የሚያገኙት ከግድግዳው ነው፡፡ መብራት ሲጠፋ ሞተሮቹ ይቆማሉ፤ ቦርዱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይቆጥራል፡፡ መብራቱ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሲመለስ ማሽኑ ያለበትን ቦታ ሳያውቅ ይነሣና ጣውላውን አቋርጦ ያርሰዋል፤ ፑንታውንም ሊሰብር ይችላል፡፡ ዴስክቶፕን ብቻ በዩፒኤስ ያሠራ ሰውም ይኸው ይገጥመዋል፡፡ ስለዚህ መብራት እንደጠፋ ወዲያው ፕሮግራሙን ማቆም፣ የደረሰበትን የመስመር ቁጥር መመዝገብና ማሽኑን ከሶኬቱ መንቀል ይገባል፡፡ ሲመለስ ፑንታውን ከእንጨቱ አንሥቶ ዜሮውን እንደገና መያዝ ነው፡፡ ለዚህ ሲባል ዜሮው ጣውላው ላይ ተመልሶ ሊገኝ በሚችል ቦታ፣ ለምሳሌ ማዕዘኑ ላይ ቢሆን ይመረጣል፡፡

ሦስተኛውና ኮምፒውተርን ከሥራው ቦታ ጨርሶ የሚያስወጣው አሠራር በእጅ የሚያዝ መቆጣጠሪያ ነው፡፡ ጂ ኮዱ በፍላሽ ይሰጠዋል፤ እሱ ራሱ አንብቦ ያሠራል፡፡ በር የሚያህል ጣውላ በሚቀርጹ ማሽኖች ላይ በብዛት የሚታየው ይህ ነው፡፡ ማሽንዎ እንዲህ ያለ ከሆነ ለእንጨት ሥራው ክፍል ኮምፒውተር መግዛት አያስፈልግዎትም፡፡

በተቆጠበው ገንዘብ የሥዕል መሥሪያውን ኮምፒውተር ማሻሻል ይቻላል፡፡ ፈጣን ፕሮሰሰርና ብዙ ሜሞሪ የሚጠቅመው እዚህ ነው፡፡ ጠፍጣፋ ጽሑፍና ሐረግ በኢንክስኬፕ ለመሣል ማንኛውም ኮምፒውተር ይበቃል፡፡ ከፍና ዝቅ ያለ ቅርጽ፣ ለምሳሌ ፊት ወይም አበባ ለማውጣት ግን ፕሮግራሙ ፑንታው የሚሄድበትን መንገድ በብዙ ሺሕ መስመር ማስላት አለበት፡፡ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ሜሞሪና ኤስኤስዲ ዲስክ ቢኖረው ሥራው ይቀላል፡፡ ፊውዥን የተባለውን ፕሮግራም የሚመርጥ ሰው ኢንተርኔትና የተመዘገበ አካውንት እንደሚያስፈልገው ይወቅ፤ በነፃ የሚገኘው ፍሪካድ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፡፡

ሁለቱን ኮምፒውተሮች በአንድ ለመተካት የሚያስብ ሰው ሰጋቱራውን ማስታወስ አለበት፡፡ በተለይ የኤምዲኤፍ ብናኝ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ በማራገቢያው ገብቶ ይጠቀጠቅና ኮምፒውተሩ በሙቀት ይጠፋል፡፡ የሥዕሉ ኮምፒውተር ሌላ ክፍል ይቀመጥ፡፡ ማሽኑ አጠገብ ያለው አሮጌው በካርቶን ተከልሎም ቢሆን ከብናኙ ይራቅ፤ በየወሩም ተከፍቶ ይነፋ፡፡ በሁለቱ መካከል የምትመላለሰው ፍላሽ ደግሞ ለዚህ ሥራ ብቻ ትመደብ፡፡ ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር ጸረ ቫይረሱ አይታደስም፤ ፎቶ ቤትና ጽሕፈት ቤት የዞረች ፍላሽ ይዛ የምትመጣውን ሁሉ ይቀበላል፡፡