በስንብት ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረው ኒሻን

አሜሪካዊው ሻምበል ፓሪስ ዴቪስ በቬትናም፣ ቦንግ ሶን አካባቢ፣ ራሳቸው ቆስለው እያሉ የወደቁ ጓዶቻቸውን ከተኩስ መካከል ጎትተው ያወጡት በሰኔ 1965 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አዛዣቸው የሀገሪቱ ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት የሆነው ሜዳል ኦፍ ኦነር ይገባቸዋል ብለው ጻፉ። ወረቀቱ ጠፋ። በ1969 ጉዳዩ ሲመረመር ፋይሉ የለም ተባለ፤ እንደገና እንዲቀርብ ታዞ እንደገና የውሃ ሽታ ሆነ። ዴቪስ በወቅቱ ከነበሩት ጥቂት ጥቁር የልዩ ኃይል መኮንኖች አንዱ ናቸው፤ አብረዋቸው የተዋጉት ሰዎችም ወረቀቱ ደጋግሞ መጥፋቱን ከቆዳቸው ቀለም ነጥለው ማየት አልቻሉም። በጎ ፈቃደኞች ማስረጃውን ከያለበት ለቃቅመው ፋይሉን ዳግም አዘጋጁ። ኮሎኔል ሆነው ጡረታ የወጡት ዴቪስ ሽልማቱን ከፕሬዚዳንት ባይደን እጅ የተቀበሉት በመጋቢት 2023፣ በ83 ዓመታቸው ነው።

የዴቪስ ታሪክ አደባባይ ስለወጣ ይታወቃል። ያልታወቁት ብዙዎች ናቸው። አንድ አሜሪካዊ ወታደር ከሠራዊቱ ሲሰናበት የሚሰጠው ወረቀት ከ1950 ጀምሮ ዲዲ 214 ይባላል። የት እንዳገለገለ፣ በምን ማዕረግ እንደወጣ፣ ምን ምን እንደተሸለመ የሚመሰክርለት ይኸው ወረቀት ነው። ታዲያ ሰውየው በእርግጥ ያገኘው ወይም የሚገባው ሽልማት እዚያ ላይ ሳይሰፍር የሚቀርበት አጋጣሚ ሞልቷል። ቁስለኛ ከግንባር ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ሀገሩ ሲላክ የሽልማቱ ትዕዛዝ ለቆት በሄደው ክፍል ይወጣል፤ ተከትሎት ግን አይሄድም። ወረቀቱን የሚሞላው ጸሐፊ ይቸኩላል፤ ወደ ቤቱ ለመሄድ የተጣደፈው ወታደርም ሳያነብ ይፈርማል።

ከስንብት በኋላ የተፈጠሩ ሽልማቶችም አሉ። የጦር ምርኮኛ ሜዳሊያ የተቋቋመው በ1985 ሲሆን እስከ ሚያዝያ 1917 ድረስ ወደኋላ ተመልሶ ይሠራል። የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ለተባባሪ ወታደሮች ያቀረበውን የጦርነት ሜዳሊያ የአሜሪካ ወታደሮች በጊዜው እንዳይቀበሉ የሀገራቸው ሕግ ከልክሏቸው ነበር፤ ፈቃዱ የመጣው በ1999 ነው። ከሁሉ የሚያስቆጨኝ በ1947 የወጣው ደንብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ እግረኛ ወይም የተዋጊ ሕክምና ባጅ ያገኘ ሁሉ ብሮንዝ ስታር የተባለው ሜዳሊያ ይገባዋል ይላል፤ ነገር ግን የሚሰጠው ለጠየቀ ብቻ ነው። ወታደሩ ደግሞ አብዛኛው በ1945 እና በ1946 ተሰናብቶ ወደ እርሻውና ወደ ፋብሪካው ገብቷል። ማን ይንገረው? ብዙ ጊዜ የሚታወቀው እርሱ ከሞተ በኋላ ልጆቹ ሣጥኑን ሲፈትሹ ነው።

ይህን ሁሉ ያባባሰው እሳት ነው። ሐምሌ 12 ቀን 1973፣ እኩለ ሌሊት ጥቂት እንዳለፈ፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ ዳርቻ በሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኛ መዛግብት ማዕከል ስድስተኛ ፎቅ ላይ እሳት ተነሣ። መዛግብቱ የተከማቹበት ፎቅ ውሃ የሚረጭ የእሳት መከላከያ አልነበረውም። ቃጠሎው ሙሉ በሙሉ የጠፋው ከቀናት በኋላ ነው። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመት የወታደር ፋይል ወደመ፤ ከኅዳር 1912 እስከ ጥር 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰዎች መዝገብ 80 በመቶው ከዚህ ውስጥ ነው። ከመስከረም 1947 እስከ ጥር 1964 ከተሰናበቱ የአየር ኃይል አባላትም 75 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ፋይላቸውን አጡ፤ የእነርሱ ፋይል በፊደል ተራ የተቀመጠ ስለነበር መጀመሪያ ላይ ያሉት ስሞች ሲተርፉ ቃጠሎው የደረሰው ከእነርሱ በኋላ ባሉት ላይ ነው። ቅጂ አልነበረም። ማይክሮፊልም አልነበረም። ምን እንደነበረ የሚናገር ዝርዝር እንኳ አልነበረም። የእሳቱ መነሻ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም።

ከፍርስራሹ የወጣው እርጥብና ጠርዙ የተለበለበ ወረቀት በሚሊዮን የሚቆጠር ነበር፤ በአውሮፕላን አምራቹ በማክዶኔል ዳግላስ የአየር አልባ ክፍል ውስጥ እንዲደርቅ ተደርጎ ዛሬም በጥንቃቄ ይገለጣል። የቀረው ከሌላ ቦታ ይሰበሰባል፤ ከክፍሉ የማለዳ ሪፖርት፣ ከመጨረሻው የደመወዝ ሰነድ፣ ከክፍለ ጦሩ ጠቅላላ ትዕዛዝ። ከ1942 እስከ 1945 እና ከ1950 እስከ 1954 ሆስፒታል የገቡ ወታደሮች መረጃም ከቃጠሎው በኋላ ተገኝቷል፤ ስም ግን የለበትም፣ ሰውየው የሚፈለገው በመለያ ቁጥሩ ነው።

እርማቱ እንዴት ይሠራል? በመጀመሪያ ሽልማቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በአገልግሎት ወይም በቁስል ብቻ የሚገኙ አሉ፤ በጠላት እጅ ለቆሰለ የሚሰጠው ፐርፕል ሃርት የአዛዥ ምስክርነት አያሻውም፣ መቁሰሉና በሐኪም መታከሙ መረጋገጥ አለበት እንጂ። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ በማመልከቻ ይታረማል፤ ማረሚያውም ዲዲ 215 የሚባል ተጨማሪ ወረቀት ሆኖ ይወጣል። ለጀግንነት የሚሰጠው ግን በጊዜው አዛዥ የጻፈውን ጥያቄና የዓይን ምስክር ይፈልጋል። ጊዜው ካለፈ በ1996 በወጣ ሕግ መሠረት አንድ የኮንግረስ (የአሜሪካ ምክር ቤት) አባል ጥያቄውን ለጦር ክፍሉ ሊያቀርብ ይችላል።

በዚህ ሁሉ ያልተሳካለት ወደ ወታደራዊ መዛግብት ማረሚያ ቦርድ ይሄዳል። እነዚህ ቦርዶች የመጡት ከ1946ቱ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት የአንድን ወታደር መዝገብ ለማረም ኮንግረስ በስሙ የተለየ ሕግ ያወጣለት ነበር። ዛሬ ሲቪሎች ተቀምጠው ይወስናሉ፤ ማመልከቻው ያለ ክፍያ በዲዲ ቅጽ 149 ይገባል። ስህተቱ በታወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ማመልከት ያስፈልጋል ቢባልም ለፍትህ ሲባል ቀነ ገደቡ ሊነሣ ይችላል።

የእኔ ቅሬታ ከዚህ ይጀምራል። ቦርዱ ሥራውን የሚጀምረው የመንግሥት መዝገብ ትክክል ነው ብሎ ነው፤ ስህተት ነው የሚለው አመልካች ያስረዳ። መዝገቡ በእጅ ካለ ይህ አግባብ ነው። መዝገቡ በመንግሥት ጥበቃ ሥር እያለ ሲቃጠል ግን ማስረጃ አምጣ የሚባለው ምንም ጥፋት የሌለበት ሽማግሌ ይሆናል። በኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ በሰኔ 1944 ራሱ ቆስሎ ለ30 ሰዓት ያህል ቁስለኞችን ያከመው ጥቁር ወታደር ዌቨርሊ ውድሰን በዚህ ወጥመድ ተይዞ በ2005 ሞተ። የአገልግሎት ፋይሉ በ1973 ነድዷል። ለከፍተኛ ሽልማት ታስቦ እንደነበር የሚያሳይ የዘመኑ ማስታወሻ በፕሬዚዳንት ትሩማን ቤተ መጻሕፍት ተገኘ፤ ባለቤቱም ዓመታት ታገሉ። ዲስቲንጉዊሽድ ሰርቪስ ክሮስ የተባለው የጀግንነት ሽልማት የተፈቀደለት በ2024 ነው። መዝገቡ በቃጠሎው መጥፋቱ በታወቀ ጊዜ ሁሉ ፍለጋው የመንግሥት ግዴታ መሆን ነበረበት፤ የጎደለው ወረቀት በአመልካቹ ላይ ሊቆጠርበት አይገባም።

ነገሩ ደረት ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ ብቻ አይደለም። ፐርፕል ሃርት ያለው ሰው በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ቅድሚያ ያገኛል፤ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ለመቀበር ብቁ ይሆናል፤ ለመንግሥት ሥራ ሲወዳደር ተጨማሪ ነጥብ ይታሰብለታል። ከጦርነት በኋላ በአእምሮ ቁስል የሚሠቃይ ሰው በውጊያ ውስጥ እንደነበረ ሲጠየቅም ይህ ኒሻን ይመሰክርለታል።

ለእኛም ቅርብ ነው። የኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ በኮሪያ የተዋጋው ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር፣ ከ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ጋር ሆኖ ነው። ከ120 በላይ ወታደሮቻችን በዚያ ወድቀዋል፤ ሲልቨር ስታርና ብሮንዝ ስታር የተሸለሙም አሉ። ከ1974 በኋላ የመጣው ሥርዓት ለእነዚህ ሰዎች ፊት አልሰጠም። የአባቱን የአሜሪካ ሽልማት ማረጋገጥ የሚሻ የዘማች ልጅ መነሻው የክፍለ ጦሩ ጠቅላላ ትዕዛዝ ነው፤ የኮሪያ ዘመን የምድር ጦር መዛግብት በሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይቀመጣሉ። ሲፈልግ ስሙን በተለያየ የላቲን አጻጻፍ ይሞክር፤ በአባት ስምም በራስ ስምም ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ በአሜሪካ ሠራዊት የሚያገለግሉ የኢትዮጵያ ልጆች አሉ። ከእነርሱ ወገን ከሆናችሁ ዲዲ 214ን ሳትፈርሙ አንብቡ፤ የሽልማት ትዕዛዛችሁን ቅጂ በየጊዜው ተቀብላችሁ ከሠራዊቱ ውጭ፣ በቤታችሁ አስቀምጡ። የጎደለ ነገር ካለ አዛዣችሁና ጓዶቻችሁ በሕይወት ሳሉ፣ ፊርማቸውን ማግኘትም ሳይከብድ አሁን ጠይቁ።