ከልጃችሁ ትምህርት ቤት ጋር ስለ መነጋገር



በኢትዮጵያ ልማድ ልጅ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ጉዳዩ የአስተማሪው ነው። ወላጅ የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ስለሆነ፣ ሳይጠሩ ሄዶ አስተማሪን መጠየቅ በሰው ሥራ እንደ መግባት ይቆጠራል። በእስራኤል ነገሩ የተለየ ነው። ወላጅ ካልመጣና ካልጠየቀ አስተማሪው «ስላከበረኝ ነው» አይልም፤ «ስለ ልጁ ግድ የለውም» ብሎ ሊያስብ ይችላል። እንዲሁም ዓይንን ዝቅ አድርጎ «እሺ፣ እሺ» ማለት በእናንተ ዘንድ ጨዋነት ሲሆን፣ እዚህ ግን ነገሩን እንደ መስማማት ይወሰዳል። ስለዚህ ያልገባችሁን «ሎ ሄቫንቲ»፣ ማለትም «አልገባኝም» ከማለት አትፈሩ።

ካርሜ ጋት ከቂርያት ጋት በስተሰሜን የተሠራ አዲስ ሰፈር ነው። ነዋሪው ከየቦታው የተሰበሰበ ስለሆነ፣ በቆዩት የከተማው ሰፈሮች እንዳለው የትምህርት ቤቱን ወረቀት የሚያነብ ዘመድ ወይም የቆየ ጎረቤት በደጃችሁ ላይገኝ ይችላል። ስለሆነም ትምህርት ቤቱን በቀጥታ ማነጋገር ያስፈልጋችኋል።

ማንኛውም ጉዳይ አስቀድሞ የሚቀርበው ለክፍሉ ኃላፊ አስተማሪ ነው። ወንድ ከሆነ «መሐኔኽ»፣ ሴት ከሆነች «መሐኔኸት» ይባላሉ። ልጁ ካዘነ፣ ከፈራ ወይም ከተጣላ አማካሪዋን፣ «ዮዔጼት»ን ጠይቁ። ልጃችሁ ብዙ ቀን ከቀረ ደግሞ «ቀጺን ቢቁር ሳዲር» የሚባል ሠራተኛ ሊመጣ ይችላል። «ቀጺን» መኮንን ማለት ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ይደነግጣል፤ ነገር ግን ፖሊስ አይደለም። በ1949 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በወጣው የግዴታ ትምህርት ሕግ መሠረት ልጆች በትምህርት ገበታ መገኘታቸውን የሚከታተል ነው። በር አትዝጉበት።

ልጅ አስተርጓሚ አይሁን

ልጆች ዕብራይስጥን በጥቂት ወራት ይለምዳሉ፤ ወላጆች ግን ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ልጁ በአስተማሪውና በእናቱ መካከል ቆሞ እንዲያስተረጉም ይደረጋል። ስለ ራሱ ጥፋት የሚነገረውን ልጁ ራሱ ሲተረጉም ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም። ከዚያ የባሰው ግን ቤቱ በልጁ እጅ መግባቱ ነው፤ አባት ልጁን የሚገሥጽበት ቃል ያጣል።

ይህ ከዚህ በፊት የደረሰ ነው። በ1984–85 በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከመጡ በኋላ፣ ብዙዎቹ ልጆች ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ገቡ። ወላጆቻቸው ስለ ትምህርቱ የሚያውቁት ከልጆቻቸው አፍ የሰሙትን ያህል ብቻ ነበር። ያልገባቸውን ወረቀት ፈርመው ልጃቸው ወደ ልዩ ትምህርት ክፍል የተላከባቸው ወላጆችም አሉ።

ስለዚህ በምትጠሩበት ጊዜ አማርኛ የሚያውቅ አዋቂ ሰው እንዲገኝ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በትምህርት ቤቱ ወይም በከተማው አገናኝ ሠራተኛ፣ «መገሼር» ካለ እርሱን አስጠሩ። ሰው ካልተገኘ ስብሰባው ለሌላ ቀን ይተላለፍ ማለት ነውር አይደለም። ያልተነበበላችሁን ወረቀት አትፈርሙ፤ ቤት ወስዳችሁ አስነብቡ። በተለይ ስለ ልዩ ትምህርት በሚወስን ኮሚቴ ፊት ተገኝቶ ሐሳብን መግለጽ የወላጅ መብት ነው። የ1988ቱ የልዩ ትምህርት ሕግ በ2018 ከተሻሻለ ወዲህ፣ ልጁ የሚገባው መሆኑ ከተወሰነ፣ በመደበኛ ክፍል ወይም በልዩ ክፍል ይማር የሚለውን በመሠረቱ የሚመርጡት ወላጆች ናቸው። እንዲሁም በ2000 በወጣው የተማሪ መብት ሕግ መሠረት ልጁና ወላጆቹ ሳይሰሙ ተማሪ ለዘለቄታው አይባረርም።

ስለ ሰዓት

«በአራት ኑ» ሲሏችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ረፋድ ላይ ትሄዱና በሩ ላይ የሚቀበላችሁ ታጣላችሁ። አስተማሪዋ ያሰበችው 16:00ን ነው፤ ይህም በእናንተ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ሰዓቱን በቁጥር አስጽፉ። ትምህርት የሚጀመርበት 8:00 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው።

ስለ ስልክ

ዛሬ አብዛኛው መልእክት የሚመጣው በስልክ ነው። የክፍሉ ወላጆች የዋትስአፕ ቡድን ለሽርሽር፣ ለምግብና ለልብስ ጉዳይ ነው። የልጃችሁን ሕመም፣ የቤታችሁን ችግር ወይም የመታወቂያ ቁጥር እዚያ አትጻፉ፤ ሁሉም ያየዋል። እንዲህ ያለውን ለአስተማሪዋ ለብቻዋ ንገሯት፤ በሥራዋ ያወቀችውን የመጠበቅ ግዴታ በሕግ አለባት። ዕብራይስጥ መጻፍ ካልቻላችሁ በድምፅ መላክ ትችላላችሁ። የስልክ ትርጉም ለቀላል ነገር ይረዳል፤ ለሚፈረም ወረቀት ግን አትመኑት፣ ይሳሳታልና።

ብዙ ትምህርት ቤቶች «ማሾቭ» በሚባል ፕሮግራም መቅረትንና ነጥብን ያሳውቃሉ። የወላጅ የምስጢር ቁጥር የወላጅ ነው። ስልኩን ያስገባላችሁ ልጃችሁ ከሆነ ቁጥሩን በእጁ ይዟል፤ የራሱን መቅረት በእናንተ ስም ሊያጸድቅ ይችላል። ሌላ ሰው ረድቷችሁ ለውጡት። በትምህርት ቤቱ ስም የባንክ ቁጥር ወይም የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ መልእክት ቢመጣ አትመልሱ፤ ለጸሐፊዋ ደውሉ። ልጃችሁን በኢንተርኔት የሚያስፈራራ ወይም የሚያዋርድ ሰው ካለ በ105 ቀንም ሌሊትም መደወል ይቻላል።

ስለ ቅጣት

ይህን ደብቀን አናልፍም። አስተማሪ ልጃችሁን ሊመታ አይችልም፤ ከመታው አመልክቱ። እናንተም ልጅን በበትር መቅጣት በሕግ የተከለከለ ነው። ከ1989 ጀምሮ በጸና ሕግ አስተማሪ ልጅ በቤት ይደበደባል ብሎ ከጠረጠረ ለማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም ለፖሊስ ማስታወቅ አለበት፤ ዝም ካለ እርሱ ራሱ ይጠየቃል። ስለዚህ ካስታወቀ ቤተሰቡን ጠልቶ አይደለም። ልጅ አልታዘዝ ብሎ ከቸገራችሁ፣ ነገሩ እዚያ ሳይደርስ ወደ ዮዔጼት ሂዱ፤ አማርኛ የሚያውቅ አዋቂ ይዛችሁ።