ዝም የሚል ሳጥን

የወንድሜ ልጅ ነቀምቴ ውስጥ በሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ይጫወታል፤ ማታ ማታ ደግሞ ለጓደኞቹ መዝሙርና ዘፈን ያቀናብራል። እስካሁን የሚሠራው በውሰት ላፕቶፕ ነበር። ብር ሲያጠራቅም ከርሞ «ጋሼ፣ ዴስክቶፕ ልገዛ ነው፤ አብረውኝ ይምጡና ይዩልኝ» አለኝ። ሄድን።

ሱቁ ውስጥ ዓይኑ ያረፈበት ዕቃ ጎኑ መስታወት ነው። ውስጡ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይበራል፤ የጡብ ያህል የሚከብድ ግራፊክስ ካርድ ተሰክቶበታል። ሻጩ «ይሄ የማይሠራው ነገር የለም» አለ። እንዲያስነሣው ጠየቅኩና ጆሮዬን ወደ ሳጥኑ አስጠጋሁ። ሦስት ማራገቢያ አንድ ላይ ሲዞር ወፍጮ ቤት ደጃፍ የቆምኩ መሰለኝ። ልጁ «ምን እየሰሙ ነው?» ሲለኝ «ዘፈንህን» አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ክራር ሲደረደር ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ማይኩን ከክሩ አንድ ስንዝር አርቀህ ብታቆመው እንኳ የተቀዳው ዝቅ ያለ ስለሚሆን በኋላ ከፍ ማድረግህ አይቀርም። ክራሩን ከፍ ስታደርገው ከጀርባው ተደብቆ የነበረው የማራገቢያ ሹክሹክታም አብሮ ይነሣል። ድምፅ የሚያጸዳ ሶፍትዌር አለ ይባላል፤ እውነት ነው፣ አለ። ነገር ግን ጩኸቱን ሲያጥብ የክራሩን ጥራት አብሮ ይልጠዋል። ስቱዲዮ የሚሠራ ባለሀብት ኮምፒውተሩን ሌላ ክፍል ያስቀምጣል። መኝታ ቤቱ ስቱዲዮው ለሆነ ልጅ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ የሳጥኑ ፍጥነት ሳይሆን ዝምታው ነው።

የግራፊክስ ካርዱን ነገር እዚሁ ልጨርሰው፤ ለሙዚቃ የሚረዳው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ለጌምና ለቪዲዮ ነው የተሠራው። ብር ይበላል፣ ይሞቃል፣ ስለሚሞቅም ይጮሃል።

ፕሮሰሰሩ ላይ ግን መቆየት ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ድምፅን እንደ ምንጭ ውኃ ሳያቋርጥ አይቀዳም፤ በጭልፋ እየጨለፈ ነው የሚወስደው። ጭልፋው በባለሙያዎቹ አነጋገር በፈር ይባላል። ድምፁ በሰከንድ 48 ሺህ ጊዜ ይለካል እንበል። ጭልፋው 512 ልክ የሚይዝ ከሆነ እስኪሞላ ከ10 ሚሊ ሰከንድ ትንሽ ያልፋል። ሲገባ አንድ ጭልፋ፣ ሲወጣ ሌላ ጭልፋ ስላለ ከ20 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይዘገያል ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል እንደሚጓዝ ካሰብክ ግን፣ ዘፋኟ ጆሮዋ ላይ ካለው ሄድፎን የራሷን ድምፅ የምትሰማው ሰባት ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ስፒከር እንደሚመጣ ሆኖ ነው። ምቱን ትስታለች፤ ስትስት ደግሞ ጥፋቱ የራሷ ይመስላታል። እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ጎበዝ ድምፃዊት ስድስት ጊዜ ደጋግማ ስታበላሽ ቆይታ አንዱን የሄድፎን ጆሮ ስታወልቅ በአንድ ጊዜ ጨረሰችው።

ጭልፋውን ወደ 128 ስታሳንሰው መዘግየቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። በዚያው ልክ ኮምፒውተሩ በየሰከንዱ 375 ጊዜ እየጨለፈ ማድረስ አለበት። አንዷ ካመለጠችው «ቷ» የሚል ድምፅ ይሰማና ቀረጻው ይበላሻል። ለዚህ ሩጫ የሚያስፈልገው የፕሮሰሰሩ አንዲት ኮር ብቻዋን ያላት ፍጥነት ነው፤ የኮሮቹ ብዛት የሚጠቅመው ትራኩና ፕለጊን የሚባለው የድምፅ ማሳመሪያ ሲበዛ ነው።

ሻጮች «ኮር አይ ፋይቭ ነው» ብለው ነገሩን ይዘጋሉ። ይህ «የወለጋ ቡና ነው» እንደማለት ነው። የታጠበ ይሁን ያልታጠበ፣ የዘንድሮ ይሁን የካቻምና ከስሙ አታውቅም። የነቀምቴ ቡና በዓለም ገበያ የራሱ ስምና ደረጃ ወጥቶለት እንደሚሸጥ ሁሉ ፕሮሰሰሩም ደረጃው የተጻፈበት ነው፤ ማንበብ ብቻ ነው። ከአይ ፋይቭ ቀጥሎ ያለው ቁጥር 6500 ከሆነ ስድስተኛ ጀነሬሽን፣ 8500 ከሆነ ስምንተኛ፣ 10400 ከሆነ አሥረኛ ነው። ስምንተኛው ላይ ሁለት ነገር ተገናኝቷል። የኢንቴል የዴስክቶፕ አይ ፋይቭ ከአራት ኮር ወደ ስድስት ያደገው እዚያ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያቆም፣ ተተኪው ዊንዶውስ 11 በደንቡ መሠረት የሚቀበለው የኢንቴል ፕሮሰሰርም ከሞላ ጎደል ከስምንተኛው ጀምሮ ያለውን ነው። ስለዚህ ከዚያ በታች ያለውን ርካሽ ነው ብሎ መሸከም አያዋጣም።

የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አዲስ ኮምፒውተር ለብዙዎቻችን የሚታይ እንጂ የሚነካ አልሆነም። የኔ ምክር ስለዚህ ግልጽ ነው፦ በውጭ አገር ቢሮዎች አገልግለው የሚመጡትን «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚባሉ ሳጥኖች ፈልግ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤች ፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር። መልካቸው የመዝገብ ቤት ዕቃ ነው፤ ማንም ጓደኛህ አይቀናብህም። ግን ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ተቀምጦ እንዲሠራባቸው የታሰቡ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ጸጥ ያሉ ናቸው። ከነዚህም ቀጭኗን ሳይሆን ቆሞ የሚቀመጠውን ታወር ምረጥ፤ ሰፊ ሳጥን አየር ስለሚያገኝ ማራገቢያው ቀስ ብሎ ይዞራል። ከመክፈልህ በፊት ግን ፓወር ሰፕላዩን እይ። በነዚህ ብራንዶች አንዳንዶቹ ላይ ቅርጹም ሶኬቱም የኩባንያው ብቻ ስለሆነ፣ ሲቃጠል ነቀምቴ ተዞሮ አይገኝም፤ አዲስ አበባ ድረስ 330 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ጉዳይ ይሆናል።

ራም 16 ጊጋ ባይት ይበቃል። በኮምፒውተር የተሞሉ የቫዮሊንና የክላርኔት ድምፆችን እንደ ሠራዊት የሚያሰልፍ ሰው ብቻ ነው 32 የሚፈልገው። ዲስኩ ኤስ.ኤስ.ዲ. ይሁን፤ ፈጣን ስለሆነ ብቻ ሳይሆን የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው አይጮህም። ስለ መጠኑ መጨነቅ ላያስፈልግ ይችላል። አንድ ትራክ በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ ሲቀዳ በደቂቃ 8.6 ሜጋ ባይት ይይዛል። ሃያ ትራክ ያለው የአምስት ደቂቃ መዝሙር እንግዲህ 860 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። የተበላሹትን ድግግሞሾች ጨምረህ ሦስት እጥፍ ብታደርገው እንኳ 500 ጊጋ ባይት ብዙ ያሠራል። ሥራው ሲያልቅ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ነው። ሳይገለብጡ የቀሩ ስንቱን አልበም እንዳለቀሱበት አልናገርም።

ሻጩ «ኪቦርድ አለህ ወይስ ልጨምርልህ?» አለው። ልጁ ኮራ ብሎ «አለኝ፣ ያማሃ» አለ። ሻጩ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ሲያይ ሁላችንም ሳቅን። ያማሃው ግን እውነትም የኮምፒውተሩ ኪቦርድ ይሆናል። በ1983 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ሚዲ የሚባለው ቋንቋ የሚያስተላልፈው ድምፅ አይደለም፤ የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ ምን ያህል በኃይል እንደተነካ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ በፒያኖ የተጫወትከውን ነገ ወደ ቤዝ መለወጥ፣ የሳትካትን አንድ ኖታ በማውስ ይዘህ ማረም ትችላለህ። ሰው ብቻውን ባንድ ይሆናል። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሙግ፣ ከያማሃ ዲ ኤክስ 7 እና ከድራም ማሽን ጋር እየደራረበ ብቻውን አልበም ሲሠራ፣ እንዲህ ዓይነት ዕቃ የሚገኘው በየስቱዲዮው ነበር። አሁን የሚጠይቀው አንድ ጠረጴዛ ነው።

ለሰው ድምፅና ለክራር ግን ሚዲ አይሠራም፤ ሳውንድ ካርድ ያስፈልጋል። ማዘር ቦርዱ ላይ ያለችው ሮዝ ቀዳዳ በኢንተርኔት ለመነጋገር ትበቃለች እንጂ ለዘፈን አትሆንም። በዩ.ኤስ.ቢ. የሚሰካ፣ ለኮንደንሰር ማይክ 48 ቮልት የሚሰጥ፣ የራሱ አሲዮ የሚባል ድራይቨር ያለው ይሁን፤ ያ የጭልፋ ጨዋታ የሚሳካው በዚህ ድራይቨር ነው። ፎከስራይትም ይሁን ቤሪንገር ለጀማሪ የሚሆን አላቸው። ካለህ ብር ለሳጥኑ ከግማሽ በላይ አታውጣ፤ የቀረው ለዚህ፣ ለማይኩና ለሄድፎኑ ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። መስታወቱ ሳጥን ሙሉውን ብሩን ይወስድ ነበርና።

አሁን ወደ መብራት እንምጣ። እውነቱን ለመናገር በዚህ ላፕቶፕ ይበልጣል። ባትሪው ራሱ ዩ.ፒ.ኤስ. ነው፤ መብራት ሲሄድ ሥራህ አይሄድም። ከቤት ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን እየዞረ የሚቀዳ ሰው ላፕቶፕ ይግዛ፤ አልከራከረውም። በአንድ ቦታ ለሚሠራ ግን ዴስክቶፕ በዚያው ዋጋ የበለጠ ጉልበት አለው፣ ሲበላሽ አንድ አካሉ ይለወጣል እንጂ ሁሉም አይጣልም፣ ረጅም ሰዓት ሲሠራም በሙቀት አይዝልም። ዋጋውን ሲያስብ ግን የዩ.ፒ.ኤስ.ንም ከሳጥኑ ጋር መደመር አለበት። 650 ቪ.ኤ. የሚለው ትንሹ ይበቃል፤ ዓላማው ሥራ መቀጠል ሳይሆን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሴቭ አድርጎ በሥርዓት መዝጋት ነው። ሶኬቱ ኧርዝ እንዳለውም በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይታይ። ኧርዝ በሌለበት ቤት የመስመሩ 50 ኸርዝ «ሁምምም» እያለ ወደ ማይኩ ይገባል። የሚገርመው ይህ ድምፅ ከቤዝ ጊታር የታችኛው ሶል ጋር አንድ ለመሆን ምንም አይቀረውም፤ ዘፈኑ በሶል ከሆነ ጀማሪ አቀናባሪ ቤዙ ያማረለት መስሎት ይደሰታል።

ሶፍትዌሩ ላይ ሁሉም የለመደውን ያወድሳል፤ አንዱ ኩቤዝ፣ ሌላው ኤፍ ኤል ስቱዲዮ። እኔ የምጠይቀው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ ብዬ ነው። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ መጋቢት በምዕራብ ወለጋና በአካባቢው ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በየጊዜው ኦንላይን ገብቶ ፈቃዱን ካላደሰ አልከፈትም የሚል ፕሮግራም እንዲህ ባለ ጊዜ ከነሥራህ ይቆለፋል። ሪፐር የሚባለው በስልክ ዳታ የሚወርድ ትንሽ ፋይል ነው፤ 60 ቀን በነፃ ያስሞክራል፣ የግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ዘመድ መፈለግ ይኖርብሃል። በፍላሽ ከሚዞረው ክራክ ግን ይሻላል፤ ክራኩ ይዞት የሚመጣው ቫይረስ ማጥፋት የሚጀምረው ከዘፈኖችህ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ የገዛነው ጥቁር የቢሮ ታወር ነው፤ ስምንተኛ ጀነሬሽን አይ ፋይቭ። ክዳኑን ከፍተን የዓመታት አቧራ በብሩሽ ስናራግፍ ልጁ ምን ሊሠራበት እንዳሰበ አጫወተኝ። በጉቶ ጊዳ ወረዳ ገጠር ያሉ አሮጊቶች የሚያውቁትን የሠርግ ዘፈንና አዛውንቶቹ የሚሉትን ጌራርሳ የሚባለውን የፉከራ ዜማ መቅዳት ይፈልጋል። አስቴር ጋኖ ትዝ አለችኝ። ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር ሆና መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ያደረሰችው፣ በ1904 እ.ኤ.አ. ከኤርትራ ወደ ነቀምቴ የተመለሰችው አስቴር፣ 500 ያህል የኦሮሞ ዘፈን፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና እንቆቅልሽ ከአእምሮዋ አውጥታ በብዕር ጽፋለች። ቃሉ ተርፏል፤ ብዕር ዜማ ስለማይዝ ዜማው ግን ከሰው አፍ ጋር ቀረ። ለልጁ ስነግረው ብሩሹን አስቀምጦ ዝም አለ።

እዚህ አገር ክረምቱ ረጅም ነው፤ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከመሣሪያ ሁሉ በላይ ይጮሃል። ስለዚህ ቀረጻው ዝናቡ ሲያባራ፣ ሌሊት ነው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና ፍራሽ ተሰቀለ። ሳጥኑን ወደ ጓዳ አወጣነው፤ የዩ.ኤስ.ቢ. ገመድ እስከ አምስት ሜትር ድረስ ስለሚያደርስ ግድግዳውን በስተን አሳለፍነው። እናቱ ጓዳዋ መደፈሩ አልጣማትም፤ ዱቄት ለማራገቢያው ጠላት መሆኑን ስነግራት ደግሞ ጭራሽ ተቆጣችና የዱቄቱን ማድጋ ሳይሆን ሳጥኑን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው።

የመጀመሪያውን ሙከራ ማንም ሳይናገር፣ ምንም ሳይጫወት አንድ ደቂቃ ቀዳን። ከዚያ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ አድርገን በሄድፎን ሰማነው። ማራገቢያ የለም። ሁምታ የለም። ሩቅ የሚጮህ ውሻ አለ፤ ከጣሪያው ጫፍ የሚንጠባጠብ ውኃ አለ፤ ከግድግዳው ማዶ ደግሞ እናቱ ቡና እየወቀጠች ነው፣ ምቷ አይዛነፍም። ልጁ ፋይሉን ሊያጠፋው ማውሱን አስጠጋና «ጋሼ፣ ይቺን እንኳ አላጠፋትም» ብሎ ስም ሰጥቶ አስቀመጣት።