የቀዘቀዘ ማሞቂያ ስለ ሞተሩ ምን ይናገራል?

የበረዶው ወቅት በገባ ቁጥር በሚኒሶታ፣ በቶሮንቶ፣ በስቶክሆልም ወይም በኦስሎ የሚኖር አሽከርካሪ ዕድሜ የጠገበ መኪናውን አስነሥቶ የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ ወደ ቀዩ ምልክት ሲያዞር፣ ከዳሽቦርዱ የሚወጣው ቀዝቃዛ ነፋስ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙዎች ይህን የምቾት ጉድለት ብቻ አድርገው ይወስዱታል፤ ካፖርት ደርበው፣ ጓንት አጥልቀው ወራቱን ለማሳለፍ ይወስናሉ። ይሁን እንጂ በአብዛኞቹ መኪኖች ማሞቂያው ራሱን የቻለ ምድጃ አይደለም። ሙቀቱን የሚበደረው ከሞተሩ ነው። ስለዚህም የማሞቂያው መቀዝቀዝ ብዙ ጊዜ ስለ ሞተሩ የሚነገር የመጀመሪያ ወሬ ነው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጉልበት ውስጥ መኪናውን ለማንቀሳቀስ የሚውለው በግምት ሲሶው ወይም ከዚያ ያነሰው ነው። አብዛኛው የቀረው ጉልበት በጭስ ማውጫውና በማቀዝቀዣው ፈሳሽ በኩል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ወይም ኩላንት በፓምፓ እየተገፋ በሞተሩ ውስጥ ይዞራል። ቴርሞስታት የሚባለው አነስተኛ በር ፈሳሹ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እስኪደርስ ወደ ዋናው ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ ይቆያል፤ ሞተሩ ቶሎ የሚሞቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ዑደት አንድ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ፣ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል የሚለየውን ግድግዳ በሁለት የጎማ ቱቦዎች አልፎ፣ ከዳሽቦርዱ ኋላ ወደ ተደበቀች ትንሽ ራዲያተር ይገባል። ማራገቢያው አየሩን በእርሷ ላይ ሲነፋ ሙቀት ወደ ተሳፋሪው ይደርሳል። እንግዲህ ለማሞቂያ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ ማለት ነው፦ የሞቀ ፈሳሽ፣ ፈሳሹ ሳይስተጓጎል የሚዞርበት መንገድ እና በትንሿ ራዲያተር ላይ የሚያልፍ አየር። ጥገናው ከእነዚህ የትኛው እንደጎደለ ከማወቅ ይጀምራል።

ወጪ ከማውጣት በፊት መለየት

በመጀመሪያ የሚመለከቱት ነፋሱን ነው። ማራገቢያው ጨርሶ የማይነፋ ከሆነ ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ፊውዙን፣ ቀጥሎም የማራገቢያውን ሞተር ማየት ይገባል። በከፍተኛው ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ በብዙ አሮጌ መኪኖች ተጠርጣሪው ፍጥነቱን የሚመጥነው ሬዚስተር ነው። ነፋሱ ሞቃት ሆኖ ደካማ ሲሆን ደግሞ የተሳፋሪውን ክፍል የአየር ማጣሪያ አውጥቶ መመልከት ይበጃል፤ በአቧራና በቅጠል የታፈነ ማጣሪያ በጥቂት ገንዘብ ይተካል።

ነፋሱ ጠንካራ ሆኖ ቀዝቃዛ ከሆነ ዓይንን ወደ ሙቀት መለኪያው ማዞር ነው። ከ20 ደቂቃ ጉዞ በኋላም ጠቋሚው ከታች የሚቀር ወይም በአውራ ጎዳና ላይ የሚወርድ ከሆነ፣ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ መቅረቱ ያጠራጥራል። ሞተሩ በቂ ሙቀት አያገኝም፤ ነዳጅም ያለ አግባብ ይበላል። ቴርሞስታት በአብዛኛው ርካሽ ዕቃ ነው። በተቃራኒው ጠቋሚው ወደ ላይ እየወጣ ማሞቂያው ከቀዘቀዘ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ፈሳሹ አልቆ ወይም መዞሩን አቁሞ ሊሆን ይችላልና፣ መኪናውን ደህና ቦታ አቁሞ ሞተሩን ማጥፋት ግድ ይላል።

ጠቋሚው በመደበኛው ቦታ እያለ ማሞቂያው ከቀዘቀዘ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በበረደበት ሰዓት የፈሳሹን መጠን ይመልከቱ። በሞቀ ሞተር ላይ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ፈጽሞ አይገባም። ፈሳሹ በግፊት ታፍኖ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ስለሚችል፣ ክዳኑ በተነሣ ቅጽበት ፈንድቶ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

የሁለቱ ቱቦዎች ምስክርነት

ፈሳሹ ሙሉ ከሆነ ወደ ትንሿ ራዲያተር የሚገቡትና የሚወጡት ሁለት ቱቦዎች ብዙ ይናገራሉ። ሞተሩ እስኪሞቅ ካስነሡት፣ የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ከከፈቱና ሞተሩን ካጠፉ በኋላ፣ ጓንት አድርገው ቱቦዎቹን በጥንቃቄ ይንኳቸው። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን ሞተሩ ከጠፋም በኋላ በድንገት ሊነሣ ስለሚችል እጅና ልብስ ከእርሱ ይራቁ።

ሁለቱም የሚያቃጥሉ ከሆነ ሙቀቱ ደርሷል፤ ጥፋቱ ከዳሽቦርዱ ውስጥ ሞቃቱንና ቀዝቃዛውን አየር የምታቀላቅለው በር ዘንድ ነው። አንደኛው ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ ትንሿ ራዲያተር በዝገትና በዝቃጭ ተዘግታለች፣ ወይም መንገዱን የሚቆጣጠረው ቫልቭ አልተከፈተም። ሁለቱም ቀዝቃዛ ከሆኑ ቫልቩ፣ የታፈነ አየር ወይም የደከመ ፓምፓ ይጠረጠራል። የታፈነ አየር በተለይ ፈሳሽ ከተቀየረ በኋላ ይከሰታል፤ የማስወጫው ዘዴ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የየመኪናውን መመሪያ መከተል ይገባል።

የተዘጋችን ራዲያተር ቱቦዎቹን ፈትቶ፣ ውሃ በዝቅተኛ ግፊት ከመውጫው ወደ መግቢያው በመልቀቅ ማጠብ ይቻላል። ኃይለኛ ግፊት ግን ያረጀውን ብረት ሊበሳው ይችላል። መንገድ ላይ የሚፈስን ራዲያተር ለመድፈን የሚጨመሩ ኬሚካሎችም የማሞቂያውን ጠባብ ቱቦዎች ሊደፍኑ እንደሚችሉ ማስታወስ ያሻል።

ከሞቃት አገር የመጣ ልማድ

በሞቃት አገሮች ሞተር እንዳይግል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልና ራዲያተሩን በንጹሕ ውሃ ብቻ መሙላት በብዙ ጋራዦች የሚታይ ልማድ ነው። በቀዝቃዛ አገር ሁለቱም ያስከፍላሉ። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በበረዶ ወራት በቅጡ አይሞቅም። ውሃ ደግሞ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ራዲያተርን አልፎ የሞተሩን ብረት ሊሰነጥቅ ይችላል። እኩል በእኩል የተቀላቀለ ውሃና ኤቲሊን ግላይኮል ግን እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ገደማ አይረጋም። ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ስለሆነ ልጆችና የቤት እንስሳት ከሚደርሱበት ቦታ መራቅ አለበት። የተለያየ ዓይነት ኩላንት መደባለቅም ዝቃጭ ሊፈጥር ይችላል፤ ቀለሙን ሳይሆን የመኪናው መመሪያ የሚጠይቀውን ዓይነት ይከተሉ።

ወደ መካኒክ የሚያስኬዱ ምልክቶች

መስታወቱ ከውስጥ በቅባታም ጉም ከተሸፈነ፣ ጣፋጭ ሽታ ከተሰማ ወይም ከፊት ወንበር በታች ያለው ምንጣፍ ከረጠበ ትንሿ ራዲያተር ታፈስሳለች። ዕቃው ራሱ ብዙ ጊዜ ውድ አይደለም፤ ዋጋውን የሚያንረው በአንዳንድ መኪኖች ዳሽቦርዱን በሙሉ ለመፍታት የሚጠፋው የብዙ ሰዓት ሥራ ነው። ስለዚህ ጋራዡ ትንሿ ራዲያተር ትለወጥ ሲል የሁለቱን ቱቦዎች ሙቀት ለክቶ እንደሆነ መጠየቅ የደንበኛ መብት ነው።

ከዚህ የሚከፋው ፈሳሹ መሬት ላይ ሳይታይ በየጊዜው ሲጎድልና ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከጭስ ማውጫው ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ሲቀጥል ነው። በሞተሩና በቴስታታው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ሊሆን ይችላል። እየጨመሩ መንዳት በመጨረሻ ሞተሩን ያሳጣል።

የማይታየው ጋዝ

እንደ ቀድሞው ቮልስዋገን ቢትል ያሉ በአየር የሚቀዘቅዙ መኪኖች የማሞቂያቸውን ሙቀት የሚያገኙት ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ነው። የዚያ ክፍል በዝገት መበሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ተሳፋሪው እንዲገባ መንገድ ይከፍታል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ የድንገተኛ እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል። ማንኛውንም መኪና በቤት ጋራዥ ውስጥ አስነሥቶ ማሞቅ፣ በሩ ክፍት ቢሆንም እንኳ፣ ለዚሁ አደጋ ይዳርጋል። በበረዶ የተቀበረ መኪና ውስጥ ሞተር አስነሥቶ ከመቀመጥ በፊትም የጭስ ማውጫውን አፍ መጥረግ ይገባል።

ማሞቂያ በረዶንና ጉምን ከፊት መስታወት የሚያስወግድ፣ በመንገድ ላይ ለተቸገረም ሰው ሕይወት የሚያቆይ መሣሪያ ነው። የፈሳሹን መጠን መመልከትና ሙቀት መለኪያውን መከታተል ምንም አያስወጣም። ይህንን ከመጀመሪያው በረዶ በፊት ያደረገ ሰው፣ በርካሽ የሚታረመውን ጥፋት ሞተር እስከሚያስለውጥ ድረስ አያቆየውም።